«አልተውኩም፤ ተሰረዝኩ»፦ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ኮሌጅን ሳይጨርሱ ስለሚወጡበት ምክንያት



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ የሌላ አገር ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ ከሚገቡት ጥቁር ተማሪዎች ብዙዎቹ ድግሪያቸውን ሳይዙ የሚወጡት ለምንድን ነው? ጉዳዩ ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚተርፍበት አንድ መንገድ አለ፤ እርሱን ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ፣ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን አስተምር ነበር። በክፍሌ ከነበሩት 30 ያህል ተማሪዎች ሁለቱ ብቻ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ዘወትር ከፊት የሚቀመጥ፣ ጥያቄውን ከክፍል በኋላ በር ላይ ጠብቆ የሚጠይቅ ወጣት ነበር። አንድ መጽሐፍም አውሼዋለሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ቢ ፕላስ አመጣ። በሁለተኛው ሴሚስተር ለተከታዩ ኮርስ ተመዝግቦ ሁለት ሳምንት ያህል ከመጣ በኋላ ቀረ። ከሬጅስትራር በደረሰኝ አዲስ የስም ዝርዝር ላይ ስሙ አልነበረም። እኔም በልቤ «ሰነፈ» ብዬ ዶሴውን ዘጋሁት። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ የፈለገ ሰው ይጨርሳል፣ ያልጨረሰ ሰው አልፈለገም ማለት ነው ብዬ አምን ነበር።

በግንቦት ወር ከካምፓሱ ብዙም በማይርቅ ሱፐርማርኬት በገንዘብ ተቀባይነት ሲሠራ አገኘሁት። «ፕሮፌሰር» ብሎ ጠራኝ፤ ያኔ ፕሮፌሰር አልነበርኩም። መጽሐፉን ሳይመልስ በመቅረቱ እጅግ ማፈሩን ነገረኝና በማግስቱ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ቢሮዬ ድረስ አመጣልኝ። ትምህርቱን ለምን እንደተወ ስጠይቀው ግራ በመጋባት ተመለከተኝ። «አልተውኩም፤ ተሰረዝኩ» አለኝ። ካለፈው ሴሚስተር የተረፈ፣ 400 ዶላር የማይሞላ ዕዳ ነበረበት፤ ከፊሉ የቤተ ሙከራ ክፍያ፣ ከፊሉ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ የሒሳብ ክፍሉ ሥርዓት በራሱ ጊዜ ከአራቱም ኮርሶቹ አስወጣው። ማንም ሰው ይህን ውሳኔ ቁጭ ብሎ አልወሰነም። እኔም አስተማሪው ሆኜ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም።

ይህ ንግግር «ተወ» እና «ተሰረዘ» በሚሉት ሁለት ግሦች መካከል ስላለው ርቀት ነው።

የነገሩን ስፋት በቁጥር እንየው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል በ2010 የአራት ዓመት ትምህርት በሚሰጡ ተቋማት ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ጊዜ ተማሪነት የገቡትን ተከታትሎ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከጀመሩበት ተቋም የተመረቁት ከእስያ ተወላጆች 74 በመቶ፣ ከነጮች 64 በመቶ፣ ከላቲን አሜሪካ ተወላጆች 54 በመቶ፣ ከጥቁሮች 40 በመቶ ናቸው። ይህ አቆጣጠር ወደ ሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ የተመረቀውን እንዳልተመረቀ ስለሚቆጥር ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ሆኖም ተማሪውን ከተቋም ወደ ተቋም የሚከተለው፣ የሁለት ዓመት ኮሌጆችንና የትርፍ ጊዜ ተማሪዎችንም የሚጨምረው የናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ መረጃ፣ ለዚያው ለ2010 ገቢዎች ሲሰላ ነጮቹን 62 በመቶ፣ ጥቁሮቹን 38 በመቶ ያደርጋቸዋል። መለኪያው ቢለወጥም ልዩነቱ ከሃያ ነጥብ በላይ ሆኖ ይቀጥላል።

ከዚህ ልዩነት ከፊሉ ተማሪው ከሚገባበት በር ጋር የተያያዘ ነው። ጥቁር ተማሪዎች ከቁጥራቸው በላይ በብዛት የሚገኙት በጀታቸው በሳሳ፣ አማካሪዎቻቸው በጣት በሚቆጠሩ ተቋማትና ለትርፍ በተቋቋሙ ኮሌጆች ነው። ለትርፍ በተቋቋሙት የአራት ዓመት ኮሌጆች ደግሞ በስድስት ዓመት የሚመረቀው ተማሪ ድርሻ ከሌሎቹ የአራት ዓመት ተቋማት እጅግ ያነሰ ነው። በታሪክ የጥቁሮች የሚባሉት ኮሌጆችም ለረጅም ዘመን ከየክፍለ ግዛቶቻቸው የሚገባቸውን በጀት ሳያገኙ ኖረዋል። የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በዚህ ጉዳይ ለ15 ዓመታት ከተካሰሰች በኋላ፣ በ2021 ለአራት የጥቁሮች ተቋማት 577 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። እንደዚያም ሆኖ በአትላንታ የሚገኘው ስፔልማን ኮሌጅ ከሚቀበላቸው ጥቁር ሴት ተማሪዎች በስድስት ዓመት ሦስት አራተኛ ያህሉን ያስመርቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ጥቁር ተማሪ ለምን ይወጣል?» ከሚለው አልፎ «ከየትኛው ተቋም ይወጣል? በየትኛው ይቆያል?» ወደሚለው መሄድ አለበት።

የእኛ ሙያ ይህን ጥያቄ እንዴት ሲያየው ኖረ? እዚህ ካላችሁት የትምህርት ሳይንስ ተማሪዎች ቪንሰንት ቲንቶን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ቲንቶ በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኋላም በ1987 ባወጣው መጽሐፍ፣ ተማሪ ኮሌጅን የሚለቀው ከተቋሙ አካዳሚያዊና ማኅበራዊ ሕይወት ጋር ሳይዋሐድ ሲቀር ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። መነሻው ኤሚል ዱርኬም ራስን ስለ ማጥፋት የጻፈው ጥናት ነበር፤ ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ትስስር የላላ ሰው ከሕይወት እንደሚለይ ሁሉ፣ ትስስሩ የላላ ተማሪም ከኮሌጅ ይለያል ነው ነገሩ። በላዩም ከአርኖልድ ቫን ዠኔፕ የሽግግር ሥርዓት የሚለውን ሐሳብ ደረበበት፤ ተማሪው ከቀድሞ ማኅበረሰቡ ይለያል፣ ይሸጋገራል፣ ከአዲሱ ጋር ይዋሐዳል።

ንድፈ ሐሳቡን አላቃልለውም። ከእርሱ በፊት የነበረው ጥናት በአመዛኙ የሚያተኩረው በተማሪው የግል ባሕርይ ላይ ነበር፤ ቲንቶ ተቋሙን ወደ ሥዕሉ አስገባ። ሆኖም ዊልያም ቲርኒ በ1992 ያነሣው ተቃውሞ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ ያገኘ አይመስለኝም። ቫን ዠኔፕ የገለጸው የሽግግር ሥርዓት በአንድ ባህል ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ ልጁ አድጎ የሚገባው ወደ ገዛ ወገኖቹ ጉልምስና ነው። ቲንቶ ግን ይህንኑ ሥርዓት ከአንድ ባህል ወደ ሌላ ባህል ለሚሻገር ወጣት አዋለው። ከዲትሮይት ወይም ከሚሲሲፒ ገጠር የመጣች ጥቁር ተማሪ ነጮች በሚበዙበት ካምፓስ «ትዋሐድ» ዘንድ ከአያቷ፣ ከቤተ ክርስቲያኗና ከሰፈሯ መለየት ይጠበቅባታል ማለት ነው። ያ መለየት ካልሆነላት ደግሞ ጉድለቱ የእርሷ ተብሎ ይመዘገባል።

አሁን ወደምወደው ጥናት ልምጣ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ ዩሪ ትሪስማን የተባለ የሒሳብ ተመራቂ ተማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። ካልኩለስ ለምሕንድስና፣ ለሕክምናና ለኢኮኖሚክስ በር ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ ወስደው ከጨረሱት ጥቁር ተማሪዎች 60 በመቶው ዲ ወይም ኤፍ አግኝተዋል። ትሪስማን ለምን ይሆን ብሎ መምህራንንና አስተዳዳሪዎችን ጠየቀ። መልሶቹ ወደ አራት ይጠቀለላሉ፤ ተነሣሽነት ይጎድላቸዋል፣ በቂ ዝግጅት የላቸውም፣ ቤተሰቦቻቸው አይደግፏቸውም፣ ችግሩ ከዘር ይልቅ የገቢ ጉዳይ ነው። አራቱም የሚመስሉ መልሶች ናቸው። መላሾቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ለተማሪዎቹ የሚቆረቆሩ ነበሩ።

ትሪስማን መልሶቹን በመጠይቅ አልፈተነም። 20 ጥቁር ተማሪዎችና በካልኩለስ በሚገባ የሚሳካላቸው 20 ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች መርጦ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከእነርሱ ጋር ዋለ፤ በሚያጠኑበት ቦታ ሁሉ ተከትሏቸው ሄደ። አራቱም መላ ምቶች ፈረሱ። ቤተሰቦቹ ልጆቻቸው ኮሌጅ እንዲገቡ ገና ከመወለዳቸው በፊት የወሰኑ፣ ለዚያም ያላቸውን ሁሉ የከፈሉ ነበሩ። ተነሣሽነት እንዳይባል፣ እነዚህ ወጣቶች በርክሌይ የደረሱት ከብዙ ፈተና በኋላ ነው። ዝግጅት እንዳይባል፣ በመግቢያ ፈተናው ከፍተኛ ነጥብ ከነበራቸው ጥቁር ተማሪዎች መካከል በርካቶቹ ቀድመው የወደቁት ናቸው። ገቢም ውጤታቸውን አላስረዳም።

ልዩነቱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነበር። ጥቁር ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲው የነገራቸውን ምክር ቃል በቃል ፈጸሙ፤ ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስምንት ሰዓት ያህል፣ በር ዘግተው ለብቻቸው አጠኑ። ጓደኝነትና ትምህርት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ቻይናውያኑ ግን በሳምንት 14 ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ ለብቻቸው ከሠሩ በኋላ ማታ ተሰብስበው መልሶቻቸውን ያመሳክራሉ፣ የአንዱን ስሕተት ሌላው ያርማል፣ የቀድሞ ፈተናዎችን ይለዋወጣሉ፣ ሁሉም ያልቻሉት ጥያቄ ሲያጋጥም ችግሩ የጥያቄው ክብደት እንጂ የእነርሱ ድክመት እንዳልሆነ ይረዳሉ። ጥቁሩ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ለብቻው ሆኖ ሲያቅተው ግን የሚያመሳክርበት ሰው የለውም፤ ውጤቱን የሚያውቀው ፈተናው ሲመለስለት ነው። አስቡት፤ የወደቀው የተባለውን በታማኝነት ስላደረገ ነው።

ትሪስማን ከዚህ ተነሥቶ የካልኩለስ ወርክሾፕ አቋቋመ። ወርክሾፑ ለደካሞች የሚሰጥ ማካካሻ አልነበረም፤ ተማሪዎቹን የጋበዛቸው «ጎበዞች ናችሁ» ብሎ ነው፤ የሰጣቸውም ከመደበኛው ክፍል የከበዱ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሠሩትም በቡድን ነው። በወርክሾፑ የተሳተፉት ጥቁርና የላቲን ተወላጅ ተማሪዎች ካልተሳተፉት ወገኖቻቸው ብቻ ሳይሆን ከነጭና ከእስያ ተወላጅ የክፍል ጓደኞቻቸውም የተሻለ ውጤት አስመዘገቡ። ተማሪዎቹ ያው ናቸው፤ ቤተሰባቸው ያው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውም ያው ነው።

እዚህ ላይ ንቁ የሆነ አድማጭ ሊያስቆመኝ ይገባል። ትሪስማን ገንዘብ ምክንያት አይደለም ካለ፣ የሱፐርማርኬቱን ተማሪ ታሪክ ለምን ነገርከን? ጥያቄው ትክክል ነው። ትሪስማን የመረመረው በአንድ ኮርስ የሚገኝን ውጤት ነው፤ ያውም ካሊፎርኒያ ነዋሪዎቿን እጅግ በአነስተኛ ክፍያ በምታስተምርበት ዘመን። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ከፍተኛው መጠን፣ በመንግሥት ኮሌጅ ለመማርና ለመኖር ከሚያስፈልገው ወጪ ሦስት አራተኛውን ያህል ይሸፍን ነበር። ዛሬ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ቀሪው በብድር፣ በሥራና በቤተሰብ ኪስ ይሞላል።

የቤተሰብ ኪስ ስል ገቢን ብቻ ማለቴ አይደለም። ገቢና ሀብት በአማርኛ ንግግራችን ይምታታሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን መለየት አለባቸው። በ2019 የፌዴራል ሪዘርቭ ባካሄደው ጥናት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 188,200 ዶላር፣ የመካከለኛው ጥቁር ቤተሰብ 24,100 ዶላር ነበር። ይህ ርቀት ጥቁሮች የቤት ብድር ይከለከሉበት ከነበረው ዘመን ጭምር የተወረሰ ነው፤ ለአሜሪካዊ መካከለኛ መደብ ሀብት ማለት በአመዛኙ ቤት ነውና። እኩል ደመወዝ ያላቸው ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን አንድ ኮሌጅ ሊልኩ ይችላሉ። የአንዱ ልጅ መኪና ሲበላሽበት አባቱ ከቁጠባው ያስጠግንለታል፤ ሌላው ቁጠባ ስለሌለው ልጁ የምሽት ሥራ ይጨምራል፣ ሥራ ሲጨምር ፈተና ያመልጠዋል። በሁለተኛው ቤት እንዲያውም ገንዘቡ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ ተማሪው ከብድሩ ቀንሶ ለእናቱ የመብራት ክፍያ ይልካል። ይህን እኛ ሐበሾች ለማስረዳት የምንቸገርበት ነገር አይደለም።

የብድሩ ውጤት ከምረቃ በኋላም ይከተላል። ጁዲት ስኮት ክሌይተንና ጂንግ ሊ በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ጥቁር ተመራቂዎች በምረቃቸው ቀን ከነጭ ተመራቂዎች በአማካይ 7,400 ዶላር የሚበልጥ ዕዳ አለባቸው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ልዩነቱ ወደ 25,000 ዶላር ያድጋል። ይህ የተመረቁት ዕጣ ነው። ሳይመረቅ የወጣው ዕዳውን ይዞ፣ ዕዳውን የሚከፍልበትን ወረቀት ግን ሳይዝ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ ላይ የደንብ ወጥመዶች ይጨመራሉ። የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ እንዲቀጥል ተማሪው «አጥጋቢ አካዳሚያዊ ዕድገት» ማሳየት አለበት፤ በአብዛኞቹ ተቋማት ይህ ማለት 2.0 አማካይ ነጥብና ከተመዘገበባቸው ኮርሶች ሁለት ሦስተኛውን ማለፍ ነው። በአንድ ሴሚስተር እናቱ ታማ ሁለት ኮርስ የጣለ ተማሪ ድጋፉን ሊያጣ ይችላል፤ ነጥቡን ለማሻሻል መመዝገብ አለበት፣ ለመመዝገብ ግን ድጋፉ ያስፈልገዋል። ዕዳ ያለበት ተማሪ ደግሞ የውጤት ማስረጃው ሊያዝበት ስለሚችል ወደ ርካሽ ኮሌጅ እንኳ መዛወር ሊያቅተው ይችላል። ኢታካ የተባለ የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ግምት፣ በዚህ መልክ ውጤታቸው የታሰረባቸው ተማሪዎች 6.6 ሚሊዮን ይደርሳሉ።

ታዲያ የእኔን ተማሪ ያስወጣው ዓይነት ዕዳ ሌሎችንም ያስወጣ ነበርን? በአትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥያቄ የራሱን መዝገብ ከፍቶ ጠየቀ። በየሴሚስተሩ ከ1,000 በላይ ተማሪዎችን ባለመክፈል ምክንያት ይሰርዝ እንደነበር ተረዳ። ከእነርሱ መካከል በውጤታቸው ደህና የሆኑ፣ ለመመረቅ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር የቀራቸው ነበሩ፤ የብዙዎቹም ዕዳ ጥቂት መቶ ዶላር ነበር። ከ2011 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ሳይጠብቅ፣ ራሱ ዝርዝሩን አይቶ፣ እንዲህ ላሉት ተማሪዎች ጉድለታቸውን መሙላት ጀመረ። ድጎማው በአማካይ ከ1,000 ዶላር በታች ነው። ስሌቱ ከርኅራኄ በላይ ነው፤ ተማሪው ሲመለስ የሚያመጣው ክፍያ ከተሰጠው ድጎማ ይበልጣል።

በ2012 ደግሞ የተማሪዎችን ጉዞ በየቀኑ የሚከታተል ሥርዓት ዘረጋ፤ 800 ያህል የአደጋ ምልክቶችን ያያል፤ ምልክት ሲታይ አማካሪ ተማሪውን ይጠራዋል። ለዚህም በርካታ አማካሪዎች ተቀጠሩ። በ2003 የስድስት ዓመት የምረቃ ምጣኔው 32 በመቶ የነበረው ይህ ተቋም በ2014 ወደ 54 በመቶ ደረሰ። በጥቁርና በነጭ ተማሪዎቹ መካከል የነበረውም ልዩነት ጠፋ። ልብ በሉ፤ ይህን ሲያደርግ የመግቢያ ነጥብ ከፍ አድርጎ የተሻሉ ተማሪዎችን አልመረጠም፤ በእነዚያው ዓመታት እንዲያውም የድሆች ተማሪዎቹ ድርሻ ጨምሯል።

በኮምፒዩተር ትንበያ ግን አልመካም። በ2021 በታተመ የጋዜጠኞች ምርመራ፣ ተመሳሳይ የትንበያ ሥርዓት የሚጠቀሙ ሌሎች ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪውን ዘር እንደ አደጋ ምልክት ሲያስገቡ ተገኝተዋል። አማካሪው ተማሪዋን ከማየቱ በፊት ቀዩን ምልክት ያያል፤ ከዚያም ለደግነት ሲል ከሒሳብ ወደ ቀላል ትምህርት ይመራታል። ትሪስማን ያፈረሳቸው መላ ምቶች ኮምፒዩተር ውስጥ ገብተው ተመለሱ ማለት ነው።

ስለ ማካካሻ ትምህርት አጭር ነገር ልበል፤ ሪሚዲያል የሚለው ቃል በአገራችንም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለተለመደ። በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ጥቁር ተማሪዎች በአንድ የምደባ ፈተና ብቻ ክሬዲት ወደማይያዝባቸው የማካካሻ ኮርሶች ሲመደቡ ኖረዋል። ሁለት ሦስት ማካካሻ ተደራርቦበት ከመደበኛው ሒሳብ የደረሰው ጥቂት ነበር፤ ሌላው ገንዘቡንና ጊዜውን በደጅ ጨረሰ። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን እንዲያዩና ተማሪዎችን በቀጥታ ወደ መደበኛው ኮርስ እንዲያስገቡ ካዘዘች በኋላ፣ መደበኛውን ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት የሚያልፉት ቁጥር በግልጽ ጨምሯል።

ስለ ሥነ ልቦናው ክፍል የምጠነቀቅበት ምክንያት አለኝ። ክሎድ ስቲልና ጆሹዋ አሮንሰን በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ፈተናው የችሎታ መለኪያ ነው ሲባል ጥቁር ተማሪዎች ዝቅ ያለ፣ ተራ መልመጃ ነው ሲባል ግን የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይተዋል። ሐሳቡ በብዙ ተማሪዎቼ ዘንድ ተወዳጅ ነው። በኋላ የተደረጉ ድጋሚ ፍተሻዎች ግን የውጤቱን መጠን አጠራጣሪ አድርገውታል። እኔ በዚህ መሠረት ላይ ቤት አልሠራም፤ ስሜቱ እውነት መሆኑን ግን በሱፐርማርኬቱ አይቻለሁ። ያ ወጣት ዕዳውን ለማንም ሳይናገር የቀረው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ በክፍሉ ካሉት ሁለት ጥቁሮች አንዱ ሆኖ ገንዘብ ለምኖ መታየት እንዳልፈለገ ነግሮኛል።

በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የተጀመረው ኤሳፕ የተባለው ፕሮግራም፣ ችግሩ ብዙ ክር ያለው ከሆነ መፍትሔውም ክሮቹን በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት ከሚል ተነሣ። ድጎማው የማይሸፍነውን የትምህርት ክፍያ ይሞላል፣ የመጻሕፍት ወጪን ያግዛል፣ የባቡርና የአውቶቡስ ካርድ ይሰጣል፣ ብዙ ተማሪ ያልተደራረበበት አማካሪ ይመድባል፤ በምላሹ ተማሪው በሙሉ ጊዜ እንዲማር ይጠይቃል። ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በተደረገ ግምገማ፣ በሦስት ዓመት የተመረቁት ከፕሮግራሙ ተማሪዎች 40 በመቶ፣ ካልገቡት 22 በመቶ ሆኑ። የመጓጓዣ ካርድን በቲንቶ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የት ላይ እንደምታስቀምጡት አላውቅም።

ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የመደቡ ስም ነው። እኔ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ስመዘገብ በቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርጌበታለሁ፤ በዩኒቨርሲቲው ሪፖርትም ያ ወጣት በተቆጠረበት ሠንጠረዥ የሚቆጠሩ የሐበሻ ልጆች ነበሩ። ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳሳዩት፣ በ1999 መርጠው በሚቀበሉ ኮሌጆች ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ድግሪ ይዘው አገር የለወጡ ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ የአንድ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ልጅ ሲመረቅ፣ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ቤት እንዳይገዛ የተከለከለው ቤተሰብ ልጅ የተመረቀ ያህል ሪፖርቱ ያምራል። «እኛ ችለናል፤ እነሱ ለምን አልቻሉም?» የሚል ንግግር በወገኖቻችን መካከል ስሰማ ይህን ሠንጠረዥ አስታውሳለሁ። ያን ያልኩት እኔም ነበርኩና።

ሁለተኛው መንገድ መጠይቃችን ነው። የማማክራቸው የሁለተኛ ድግሪ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ማቋረጥ ሊያጠኑ ሲመጡ ይዘውት የሚቀርቡት ረቂቅ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ተነሣሽነት፣ ቅድመ ዝግጅት፣ የቤተሰብ ድጋፍ፣ የቤተሰብ ገቢ፣ በአምስት ደረጃ መለኪያ። ትሪስማን ከበርክሌይ መምህራን የሰማቸው አራቱ መልሶች ተራ በተራ ተቀምጠዋል። መጠይቁ የሚሞላው ደግሞ ግቢ ውስጥ ባሉ ተማሪዎች ነው። የወጡት የሉም።

ስለዚህ ባለፈው ሴሚስተር ለአንዷ ተማሪዬ መጠይቁን ለጊዜው እንድታቆየው ነገርኳት። መጀመሪያ ሬጅስትራር ሄዳ፣ ስማቸው ከዝርዝር የወጣውን ተማሪዎች መዝገብ በደንቡ መሠረት ጠይቃ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር እንድትመዘግብ፤ የወጣበት ቀን፣ በዚያ ቀን የነበረው ውጤት፣ ስሙን ከዝርዝሩ ያወጣው የትኛው ክፍል እንደሆነ። ከዚያም ስልክ ደውላ እንድታነጋግራቸው። ሦስተኛውን ዓምድ ለመሙላት ከሁሉ ይልቅ እንደተቸገረች ነግራኛለች፤ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አልተገኘም። ሥራዋ ገና አልተጠናቀቀም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለች ከእኔ ይልቅ እርሷን ብትጠይቁ ይሻላል። ጥያቄዎቻችሁን እንቀበላለን።